ደሜ ምን አለ?

«ደሜ ምን አለ?»

እንዲህ ብለው የጠየቁኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ቦታው የአንድ ማስተማሪያ ሆስፒታል የቲቢ ክፍል ነው። ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። እሳቸው እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ነው፣ እኔ መርፌ እያዘጋጀሁ ነው። አጠያየቃቸው ሩቅ አገር የሄደ ልጁ ደብዳቤ ልኮ እንደሆነ የሚጠይቅ አባት ይመስላል። ቁጣ የለበትም። ጥርጣሬም የለበትም። እኔ ግን መልሱን አውቀዋለሁ። ደማቸው ምንም አላለም። ከእንግዲህም ምንም አይልም።

«ገና ነው፣ አባቴ» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። ሆስፒታሉን ለቅቄያለሁ፣ ከተማውንም ለቅቄያለሁ። ያቺ «ገና ነው» ግን ከእኔ ጋር ቤት ትቀይራለች። ሳህን ሳጥብ ትመጣለች። ታክሲ ወረፋ ላይ ትመጣለች። እስኪ ዛሬ ልጻፋት።

## አራት ገጽና አንድ አውራ ጣት

ያኔ የላብራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ። ማስተማሪያ ሆስፒታል ገብቶ የሚያውቅ ሰው ትርምሱን ያውቀዋል። አንዱ ነጭ ጋዋን ለብሶ ያክማል፣ ሌላው ነጭ ጋዋን ለብሶ ይማራል፣ ሌላው ደግሞ መጠይቅ ታቅፎ ይዞራል። ለታካሚው ሁሉም ዶክተር ነው። እኔም የደም ቱቦ ይዤ ስመጣ ዶክተር ነበርኩ። አላረምኳቸውም። ትንሽ ደስ ይለኝም ነበር፣ ምን ይደረጋል።

ከመደበኛ ሥራዬ ጎን አንድ የምርምር ፕሮጀክት ላይ ገባሁ። ጥያቄው ለመናገር ቀላል ነው፦ ቲቢን ከአክታ ሳይሆን ከደም መለየት ይቻላል ወይ? ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ የቲቢን ባክቴሪያ ለዓለም ያሳየው በ1882 ነው (እዚህ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ተቀይሮ እኛ ዛሬም «አክታ አምጡ» እያልን ነው። ጂን ኤክስፐርት የተባለው መመርመሪያ ማሽን መጥቶ ውጤቱን በሁለት ሰዓት ገደማ ቢያደርሰውም የሚበላው በአብዛኛው ያንኑ አክታ ነው። ሕፃን ልጅ ደግሞ ትፋ ቢሉት አይተፋም፤ ይውጠዋል። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ቢተፋም ባክቴሪያው ሳስቶ ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ ደም ውስጥ ምልክት መፈለግ ተገቢ ነበር። ዛሬም ተገቢ ነው። ጥናቱን ለመንቀፍ አይደለም የምጽፈው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከታካሚው ሦስት ጊዜ ደም ይቀዳል። አንዴ መድኃኒት ሳይጀምር፣ አንዴ በሁለተኛው ወር፣ አንዴ በስድስተኛው ወር ሲጨርስ። ሦስቱ ጎን ለጎን ይታያሉ። የመጀመሪያውን ቤዝላይን እንለዋለን። እሱ ከሌለ የቀሩት ሁለቱ ለእኛ ጥናት ዋጋ የላቸውም፤ ከምን ጋር ይነጻጸራሉ? ይህቺን ያዙልኝ፣ በኋላ እፈልጋታለሁ።

ሽማግሌው ሲመጡ ቅጹን አነበብኩላቸው። አራት ገጽ ነው፣ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ። «በማንኛውም ጊዜ ያለ ምንም ተጽዕኖ ራስዎን ከጥናቱ የማግለል መብትዎ የተጠበቀ ነው።» እንደ ዳዊት አነበነብኩት። በቀን አሥር ጊዜ ሲነበብ እንደዚያ ይሆናል። እሳቸው ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ሰሙኝ። ሲያልቅ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ስንት ነው የምትቀጂው?»

«ሁለት የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው» አልኳቸው።

ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ በአውራ ጣት ነው የሚፈርሙት። ማንበብ የሚችል ምስክርም ያስፈልጋል፤ ከአጠገባችን አልጋ የነበረ አስታማሚ ጠራን። ቀለሙን ሳቀርብላቸው እጃቸውን ሰበሰቡት። ደም ለመስጠት ያላመነቱ ሰው ቀለም ፈሩ።

«ጣቴን ወረቀት ያስነካሁት አንድ ጊዜ ነው» አሉኝ፤ «ለማዳበሪያ ብድር። ከፍዬ ስጨርስ ወረቀቱን ዓይኔ እያየ ቀደዱልኝ።»

ይህ ብድር እንዳልሆነ አስረዳሁ። ምስክሩም አገዘኝ። በመጨረሻ ጣታቸውን ጫን አደረጉ። ቀዳሁ። ቱቦው ሲሞላ እያዩት ነበር። ላስቲኩን ፈትቼ ጥጥ ስጭንላቸው፣

«አደራ እንግዲህ፣ ልጄ» አሉ።

«አይዞዎት» አልኩ። ሰላምታ መስሎኝ ነበር።

## የፋሲካ ሰሞን

ናሙናዎቹ የሚቀመጡት ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ ነው። በሩ ላይ ሠንጠረዥ ተለጥፏል። ጠዋትና ማታ ዲግሪው ታይቶ ይጻፋል፣ ይፈረማል። በዓል ይሁን እሁድ ይሁን ለውጥ የለውም።

ጸሎተ ሐሙስ ከሰዓት ወደ ቤተሰብ ልሄድ ትኬት ቆርጫለሁ። የዓርብን፣ የቅዳሜንና የእሁድን ቦታ ቁጭ ብዬ ሞላሁት። −80፣ −80፣ −79፣ −80፣ −80፣ −80። ያቺን 79 ያስገባኋት እውነት እንዲመስል ነው። ስጽፋት ፈገግ እንዳልኩ አስታውሳለሁ።

ተረኛ የነበረው ባልደረባዬ ሠንጠረዡ ተሞልቶ ሲያይ ሌላ ሰው ያየው መስሎት አለፈ። እሱን አልወቅስም።

ቅዳሜ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እንደ ደንቡ ተነሳ። ፍሪዘሩ ግን ጄኔሬተሩ ከሚያዳርሰው ከቀዩ ሶኬት ላይ አልነበረም። ለበዓሉ ወለል ሲታጠብ አንድ ሰው ነቅሎት፣ ሲጨርስ ነጩ ላይ ሰክቶታል። መብራት የተመለሰው እሁድ ማታ ነው። ፍሪዘሩም እንደገና ሥራውን ቀጠለ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ።

ማክሰኞ ስመለስ በሩን ከፈትኩ። ሳጥኖቹ ሥር የቀለጠ በረዶ ተመልሶ ረግቷል። ብልቃጦቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ አጋድሎ ደርቋል፤ ቀልጦ ተገላብጦ እንደገና ሲቀዘቅዝ እንደዚያ ይሆናል። ፍሪዘሩ የራሱ መዝገብ አለው። ተጭኜ አየሁት። ሙቀቱ ከዜሮ በላይ 11 ዲግሪ ደርሶ ነበር። በሩ ላይ በእኔ እጅ ጽሕፈት −79 ይላል።

ወደ አርባ የሚጠጉ ሰዎች የመጀመሪያ ደም ነው የተበላሸው። የምንፈልገው ነገር ደግሞ አንዴ ሲሞቅ የሚፈርስ ነው። እንደገና ቢቀዘቅዝ አይመለስም።

ለአለቃዬ ነገርኩት። የሠንጠረዡንም ጉዳይ ነገርኩት፣ እያለቀስኩ። ተቆጣኝ፣ ከዚያ ደንቡን አሳየኝ። የምርምር ወረቀት ላይ ስህተት አይፋቅም። በአንድ መስመር ይሰረዝና አጠገቡ ቀንና ፊርማ ይሰፍራል፣ የተሰረዘውም እንዲነበብ። ስለዚህ ያቺ 79 እስካሁን ትነበባለች። ሪፖርት ተጻፈ። የምርምር ሥነ ምግባርን ለሚጠብቀው ኤቲክስ ኮሚቴ ሄደ፣ ገንዘቡን ለሰጠው ድርጅት ሄደ፣ ለክፍሉ ኃላፊ ሄደ። ሁሉም ደብዳቤ ደረሰው። ደሙ የእነሱ ለሆነው ሰዎች ግን የሚጻፍ ደብዳቤ አልነበረም። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። በዝርዝሩ ላይ ስላልነበሩ ነው።

## ገና ነው

ኮሚቴው እስኪወስን ሥራው ባለበት ይቀጥል ተባለ። የሁለተኛ ወር ቀጠሮ የደረሰው ሁሉ እየመጣ ነው። ከእነሱ አንዱ እሳቸው ናቸው።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስተው ነው የመጡት። መጀመሪያ ሳያቸው ከነበረው ሥጋ ጨምረዋል። ሳላቸው ጠፍቷል። ገና ከበሩ ሲያዩኝ ፈገግ አሉ፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣል አደረጉና ያንን ጠየቁኝ።

«ደሜ ምን አለ?»

ይህን ቅጽበት ብዙ ጊዜ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። «ዛሬ አንቀዳም» ማለት እችል ነበር። «መብራት ጠፍቶ ተበላሸብን» ማለት እችል ነበር። ሙሉውን መናገርም እችል ነበር። አንዱንም ሳልል «ገና ነው፣ አባቴ» አልኩና ላስቲኩን አሰርኩ። «ይጨብጡ» አልኳቸው። ጨበጡ። ደም ሥራቸው ወዲያው ቁጭ አለ። የገበሬ ክንድ ለእኛ ሙያ ደስ ይላል፣ ሥሩ አይፈለግም። ወጋሁ። ቀዳሁ። ቤዝላይኑ የሌለው ሁለተኛ ደም፤ ለጥናቱ የማይረባ ደም። እያወቅኩ።

ለምን? ለራሴ የሰጠሁት የመጀመሪያ መልስ ለጥናቱ አስቤ ነው የሚል ነበር። ደም ወስደው ይሸጣሉ የሚል ወሬ በየሰፈሩ አለ። እንዲህ ሆነ ብል ወሬው አገር ይዳረሳል፣ ሰው ሁሉ ይሸሻል፣ ሥራው ይቆማል። ጥሩ መልስ ነው። ስብሰባ ላይ ቢነገር ያስጨበጭባል። ግን አይደለም።

ሁለተኛው መልስ ጊዜ አልነበረም የሚል ነው። ወረፋው ረጅም ነው፣ ቱቦው ተለጥፎበታል፣ ቅጹ ላይ የሳቸው ስም ፊት ለፊት ምልክት ማድረግ አለብኝ። እጅ የለመደውን ይሠራል። ይህኛው ትንሽ እውነት አለው። ሰውን መውጋት የዕለት ሥራ ሲሆን አለመውጋት ነው ውሳኔ የሚጠይቀው።

ሦስተኛው ብዙ ቆይቶ ነው የመጣልኝ። «መብራት ጠፋ» ብል ግማሽ እውነት ነው። ቀሪው ግማሽ ያቺ 79 ናት። ወረቀቱ ስዋሽበት ምንም አላለኝም። ወረቀት አይጠይቅም። እኚህ ሰው ግን ጠየቁኝ፣ ያውም ዓይን ዓይኔን እያዩ። ለወረቀት የዋሸሁትን ውሸት ለሰው መድገም ሆነብኝ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በእኔ ላይ ተረቱ ተገለበጠ። የወጋሁት እኔ፣ ያልረሳሁትም እኔ።

## ስድስት ወሩ ከየት መጣ

በዚያ ሰሞን እንቅልፍ ስለራቀኝ ማንበብ ጀመርኩ። የምፈልገው እንደ እኔ ያደረገ ሰው ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው።

ሽማግሌው የሚውጡት ክኒን የስድስት ወር ነው። ያ ስድስት ወር ከሰማይ አልወረደም። ቀድሞ የቲቢ ሕክምና ዓመት ተኩልና ከዚያ በላይ ይፈጅ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኬንያ፣ የኡጋንዳ፣ የታንዛኒያና የዛምቢያ ሕሙማን ከእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጋር በተደረገ ጥናት ገብተው ስድስት ወር እንደሚበቃ አሳዩ። ቤታቸው ሆነው መውሰዳቸውም እንዲሁ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሕንድ ውስጥ፣ ማድራስ ላይ፣ ጠባብ ቤታቸው ሆነው የታከሙት ሰዎች ሳናቶሪየም፣ ማለትም የቲቢ ሕሙማን ማቆያ ሆስፒታል፣ ከተኙት ባልተናነሰ ዳኑ። ከዚያ በኋላ ነው የቲቢ ሕክምና ከአልጋ የወረደው። ማለትም አንድ ገበሬ ማሳውን ሳይለቅ በስድስት ወር እንዲድን የማያውቃቸው ሰዎች ክንዳቸውን ሰጥተውለታል።

ከዚያ ወደ ኋላ ሄድኩ። ስትሬፕቶማይሲን በተባለ የቲቢ መድኃኒት ላይ የተደረገውና በ1948 የታተመው ጥናት ዛሬ ለሁሉም ክሊኒካዊ ሙከራ አርአያ ተደርጎ ይጠቀሳል። 107 ሕሙማን ነበሩ። ማን መድኃኒቱን እንደሚያገኝ በዕጣ፣ በታሸገ ፖስታ ተለየ፤ መድኃኒቱ ያን ጊዜ እንግሊዝ አገር ብርቅ ነበር። 55ቱ አገኙ። 52ቱ አልጋ ላይ ዕረፍት ብቻ። በስድስት ወር ውስጥ ከ55ቱ 4፣ ከ52ቱ 14 ሞቱ። 52ቱ ጥናት ውስጥ መሆናቸው አልተነገራቸውም። ትምህርት ቤት ይህን ጥናት ስንማር ስለ ፖስታው ተምረናል። ፖስታው በእርግጥ ብልህ ነው።

በጣም የያዘኝ ግን የሐቫሱፓይ ሰዎች ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ግራንድ ካንየን ሸለቆ ሥር የሚኖሩ ጥቂት ነባር ሕዝብ ናቸው። ስኳር በሽታ ስለበዛባቸው ከ1990 ጀምሮ ለአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደም ሰጡ። በኋላ ደማቸው ለአእምሮ ሕመምና አባቶቻቸው ከየት እንደ መጡ ለሚጠይቅ ጥናት ጭምር እንደዋለ ሰሙ። ከየት እንደመጡማ እነሱ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ከሰሱ። በ2010 ዩኒቨርሲቲው 700,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ የተረፈውንም ደም መለሰላቸው። ገንዘቡን ሁሉም ጋዜጣ ጻፈው። እኔ ግን የደሙ መመለስ ላይ ቀረሁ። ደም አገሩ ይገባል ለካ። እኔ ዘንድ የሚመለስ እንኳ የለም።

ከዚያ የራሳችንን ቅጽ እንደገና አነበብኩት፣ በዝግታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሴ። አራቱም ገጽ ስለ ስምምነት ነው። ተሳታፊው ተስማምቷል። ተሳታፊው ተረድቷል። ተሳታፊው ማቋረጥ ይችላል። ግሱ ሁሉ የሳቸው ነው። ሳይንሱን ላልተማረ ሰው የሚከብድ አማርኛ ነው፣ ግን ችግሩ እሱ ብቻ አይደለም። ስምምነት የሚያስረው ሰጪውን ነው። አደራ ደግሞ የሚያስረው ተቀባዩን ነው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የተባለው ለእኔ እንጂ ለሳቸው አይደለም። እሳቸው መጀመሪያ በጣታቸው የእኛን ወረቀት ፈረሙ፣ ደማቸው ሲወጣ ደግሞ በራሳቸው ወግ እኔን አስፈረሙኝ። እኔ «አይዞዎት» ብዬ ፈረምኩ። አንዱ ውል በሳጥን ተቆልፎ ተቀምጧል። ሌላውን የሚያውቀው እሳቸውና እኔ ነን።

የሄልሲንኪ መግለጫ ከ1964 ጀምሮ እየተሻሻለ የመጣ የምርምር ሥነ ምግባር ሰነድ ነው። የ2013ቱ ላይ የጥናቱ ውጤት እንዲነገራቸው የሚፈልጉ ተሳታፊዎች ዕድሉ ሊሰጣቸው ይገባል ይላል። በ2024 ሲሻሻል እንግሊዝኛው «ሰብጀክት» (የሚጠና ሰው) ይለው የነበረውን «ፓርቲሲፓንት» (ተሳታፊ) አለው። የእኛ ቅጽ ግን ድሮም «ተሳታፊ» ነው የሚለው። በቃሉ ቀድመናቸዋል። ውጤቱን ስለመናገር ሕግ አለ፤ ውጤት ሳይኖር ስለመናገር ግን የተጻፈ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ማን ያስበዋል? ቅጹን የሚጽፈው ሰው ቅጹን ሲጽፍ ፍሪዘሩ ሁልጊዜ እየሠራ ነው።

## ወረቀቱ

ኮሚቴው በኋላ ወሰነ። የመጀመሪያ ደማቸው የተበላሸባቸው ሰዎች ከጥናቱ ይውጡ፣ ከእንግዲህ አይቀዱ። ወጡ። ስማቸው አጠገብ ምልክት ተደረገ። እነሱ መውጣታቸውን አያውቁም፤ መድኃኒታቸውን ከቲቢ ክፍሉ ይወስዳሉ፣ ያ አልተነካም።

በስድስተኛው ወር ሽማግሌው ጨረሱ። አክታቸው ንጹህ ሆነ። ከነርሷ ተሰናብተው ወደ እኔ መጡ። ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ሦስተኛው ቀርቷል አይደል?»

ቆጥረውታል። እኔ እንኳ ከዝርዝሩ ላይ ሰርዣቸዋለሁ፣ እሳቸው ግን ቆጥረውታል።

በሩን ዘጋሁና ነገርኳቸው። መብራቱን፣ ሶኬቱን፣ የቀለጠውን። የሞላሁትን ሠንጠረዥም። 79ን ማስረዳት ከባድ ነው፣ ዲግሪ ምን እንደሆነ ከማስረዳት ይጀምራል። በመጨረሻ «ሳላይ አየሁ ብዬ ጻፍኩ» አልኳቸው። እሷን ወዲያው ገባቸው።

ዝም አሉ። ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ትንሽ አዟዟሩት።

«የመጀመሪያው ከተበላሸ» አሉ፣ «ሁለተኛውን ታዲያ ለምን ቀዳሽኝ?»

ሪፖርቱን ያነበበ ሰው ሁሉ ስለ ሶኬቱ ጠይቆኛል። ስለ ጄኔሬተሩ ጠይቆኛል። ይህን የጠየቀኝ አልነበረም።

«ፈርቼ ነው» አልኩ።

«እኔን?»

ከልባቸው ነው የገረማቸው። ጋቢያቸውን፣ ከዘራቸውን፣ አቧራ የጠጣ ጫማቸውን አየሁ። ምን ልበል።

ቆየት ብለው እጅጌያቸውን መለሱ። «በይ እንግዲያው ወረቀቱን አምጪና ይቀደድ። ነገሩ አለቀ አይደል?»

«አይቀደድም፣ አባቴ። ጥናቱ ካለቀ በኋላም አምስት ዓመት ይቀመጣል። ደንቡ ነው።»

«የተበላሸውም?»

«የተበላሸውም።»

ቁልፉን አውጥቼ ሳጥኑን ከፈትኩና ቅጻቸውን አሳየኋቸው። አውራ ጣታቸውን ከቀለሙ አጠገብ አመጡና ሳያስነኩት አስተያዩት። ቀለሙ ትንሽ ደብዝዟል፣ መስመሮቹ ግን ይታያሉ።

«እንግዲህ እኔ እዚህ ቁጭ ልል ነው» አሉ።

«አዎ፣ አባቴ።»

ተነሱ። ደግፌ ላቆማቸው ስል እጄን አልያዙትም፣ ከዘራቸው በቃቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«የሰባት ሰዓቱ አውቶቡስ ሄዷል?»

ሰዓቴን አየሁ።

«ገና ነው» አልኳቸው።